የባለወፍጮው ጆሮ ዳባ

ሻንቶ ከተማ ውስጥ ምስጢር የሚያወራ ሰው «ሶርሳ እንዳይሰማ» ብሎ አይጠነቀቅም፤ ሶርሳ አይሰማም። የሚጠነቀቀው «ለሶርሳ እንዳትነግሩት» ብሎ ነው። ሶርሳ በጆሮህ ሹክ ሊልህ ከሞከረ ጎረቤት ከተማ አረካ ገበያ የቆመ ሰው ዞር ብሎ «አቤት?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ከሞተርና ከድንጋይ ጋር ሲጯጯህ የኖረ ባለወፍጮ፣ ቀስ ብሎ መናገርን ከየት ያምጣው?

እንዲህ የሚቀልዱበት ስለሚወዱት ነው። ወፍጮ ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከጸሎት ቤቱ አጥር ጋር ተጣብቆ የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከጉኑኖ በቆሎዋን በሚኒባስ አናት ጭና የምትመጣ ሴት አለች፤ ስንት ወፍጮ አልፋ። ለምን እንዲህ ትደክሚያለሽ ሲሏት «የሶርሳ ዱቄት የራሴ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ሶርሳ የአንዷን እህል ከሌላዋ አያቀላቅልም። የቀደመችው ዱቄት ተራግፎ ሳያልቅ፣ የወፍጮውም አፍ ሳይጠረግ የምትከተለዋን ጆንያ አይፈታም። ወረፋው እስከ መንገዱ ቢደርስ፣ ሴቶቹ ቢያጉረመርሙ፣ መጥረጊያውን አይጥልም። «እናንተ የቸኮላችሁት ለምሳ ነው፤ እኔ ደግሞ የምጠርገው ለኅሊናዬ ነው» ብሎ ይጮህባቸዋል፣ እነሱም ይስቃሉ።

ሌላም ሕግ አለው። ለለቅሶ ቤት የሚፈጭ እህል ወረፋ አይጠብቅም። ይሄን ያወጣው ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ተራዋን የተነጠቀች ሴት ፊቷን ስታጠቁር «አይዞሽ፣ ነገ ለአንቺም እንደዚሁ አደርጋለሁ» ይላታል። ማጽናናቱ ነው እንጂ ክፉ ተመኝቶላት አይደለም። ሴትየዋ ግን ቤቷ እስክትገባ ታማትባለች።

የወፍጮ ሥራ በዓይን የሚሠራ ይመስላል፤ የሚሠራው በጆሮ ነው። ድንጋዩ እህል ሲበላ ድምፁ ወፍራም ነው። እህሉ ሊያልቅበት ሲል ድምፁ ይቀጥናል። ያኔ ካልደረሱለት ድንጋይ ድንጋይን መብላት ይጀምራል፤ ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ድንጋዩም ይቃጠላል። ሶርሳ ይቺን ቅጥነት ከሞተሩ ጩኸት ውስጥ ለይቶ ይሰማታል። እየሳቀም፣ ጆንያ እየተሸከመም፣ ከጸሎት ቤቱ ወንጌላዊ ጋር እየተከራከረም ይሰማታል። ዓመት በዓመት ግን ትንሽ እየዘገየ መጣ። ጆሮው ውስጥ ፉጨት ገባ። ማታ ሞተሩ ሲጠፋም ፉጨቱ አይጠፋም።

ይህ ሲሆን ከሚስቱ ከትዕዛዝ ጋር ያላቸው ወሬ ሁሉ የሚጮህ ብቻ ሆኖ ቀረ። ትዕዛዝ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አብራው ትውላለች፤ ዱቄቱ የሚወርድበትን ጆንያ ትይዛለች፣ አፉን ታስራለች። ጨው ማለቁ በጩኸት ይነገራል። ላሟ መፈታቷ በጩኸት ይነገራል። ተጩኾ የማይነገር ነገር ግን በትዳር ውስጥ ብዙ ነው፤ እሱ ሁሉ ተዋጠ። ሶርሳ ደግሞ የማይነገረው ነገር ድሮውንም የሌለ መሰለው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እንደዚያ ብሎ ተወው።

ሶዶ ያለው የጆሮ ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነም። «የሄደው ሄዷል፤ አይመለስም። የቀረውን ከጩኸት ካልጠበቁት እሱም ይሄዳል» አለው። ልጆቹ ተሰብስበው ወፍጮው ይዘጋ፣ ይሸጥ አሉ። ሶርሳ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለዚህ ለዚህማ መቼ አነሰ!

ልቡ ግን ፈርቷል። ለብቻው ሲሆን ሁለቱንም ያስባቸዋል። ወፍጮው ከቀረ ሰው የሚጠራው በምን ይሆናል? ጆሮውስ ከሄደ፣ ወፍጮውን በምን ሊሠራው ነው? እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ጆሮውን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ወፍራም መሸፈኛ ገዝቶ ሞክሮ ነበር። ሞተሩም ጠፋ፣ ሰውም ጠፋ፣ ድንጋዩም ጠፋ። ያን ቀን ድንጋዩ ባዶውን ሲፈጭ የነገረው አፍንጫው ነው፤ ሽታው። የአንዲት ሴት ጤፍ ተበላሸ። ሶርሳ ከራሱ ጎተራ ጤፍ አውጥቶ ፈጨላት፣ ይቅርታም ጠየቃት፤ መሸፈኛውን አውልቆ ጆንያ ክምር ላይ ወረወረው። ዶሮ አሁን እዚያ ውስጥ ነው የምትጥለው።

አዲሱን ሐሳብ ያመጣችው ትልቋ ልጁ ሩት ናት። ሶዶ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነች፤ የራሷ ኖይዝ ካንስሊንግ ማዳመጫ አላት፣ ፈተና ስታርም የጎረቤት ሞንታርቦ እንዳይረብሻት። «አባባ፣ አንዱን ድምፅ አጥፍቶ ሌላውን የሚያስገባ ዕቃ አለ» አለችው። እህትና ወንድሞቿ አዋጥተው ጥሩውን ሊገዙለት ተስማሙ። እሱም በበኩሉ ቃል ገባ፦ ይሄ ካልሠራ ወፍጮው ይሸጣል። ቃል ሲገባ ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሶርሳ የሰጠውን ቃል አጥፎ እንደማያውቅ ደግሞ ልጁ ታውቃለች።

ወደ ሀብተየስ ሱቅ ወሰደችው። የሀብተየስ አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ሀብተየስ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ባንኮኒ ሥር ድክ ድክ ብሎ ያደገ ነጋዴ ነው። «ሳሮ፣ ጋሼ!» ብሎ ተቀበላቸው። ይሄ ሰው ደንበኛ ሲገባ «ምን ልስጥዎ?» ብሎ አይጀምርም፤ «ቤትዎ ምን አለ?» ነው የሚለው። ሙሽራ ከመውሰድህ በፊት ዘመዶቿን ትጠይቅ የለ፣ ማዳመጫም እንደዚያው ነው ባይ ነው።

ሩት ወደ መስታወቱ ጠቆመች። ቀጭን፣ ነጭ፣ የሚያምር ነው። «ይሄ ይሁን። የእኔ ዓይነት ነው፤ በጣም አሪፍ ነው።»

«ያንቺ ስልክ አይፎን ነው» አለ ሀብተየስ። «ይሄ ማዳመጫ ከአይፎን ጋር የተጋባ ነው። ሌላ ስልክ ጋ ሲሄድም ይሠራል፣ ግን እንግዳ ነው፤ ግማሽ ሙያውን ደብቆ ይቀመጣል። ጋሼ፣ የእርስዎ ስልክ የቱ ነው?»

ሶርሳ ከአንዱ ኪሱ ሩት የተወችለትን ቴክኖ አወጣ። ከሌላው ኪሱ ደግሞ በላስቲክ የታሰረች ሬዲዮ፣ ሚሞሪ የምትበላ፣ መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የሚሰማባት። ብሉቱዝ የሚባል ነገር በዘመኗ አልደረሰም።

«ሌላስ?»

«ሌላ ወፍጮ ነው።»

ሀብተየስ ሳቀ። ሶርሳ አልሳቀም።

«ያለህ ዕቃ ምንድነው ብለህ ጠየቅከኝ» አለ፣ የመደርደሪያው መስታወት ሁሉ በድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ስልክ አንዳንዴ ነው የምይዘው። ሬዲዮም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ የምውለው ከወፍጮ ጋር ነው። ከወፍጮ ጋር ካልተስማማ ምን ይሠራልኛል?»

ሀብተየስ ሳቁን ዋጥ አደረገ። ይሄን ያህል ዓመት ሲሸጥ እንዲህ ያለ መልስ አልገጠመውም፤ ደስም አለው። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ነገሩን አንድ በአንድ ያበጥረው ጀመር። የጋሼ እጅ ዱቄት ነው፤ ስለዚህ በጣት ዳሰስ ሲያደርጉት የሚታዘዝ አይሆንም፣ ቁልፍ ያለው ይሁን። ሬዲዮዋ ብሉቱዝ አታውቅም፤ ሽቦም የሚቀበል ይሁን። ላብና ዱቄት ይጠጣል፤ ትራሱ ወልቆ የሚቀየር ይሁን። በየቀኑ ስልክ እየከፈቱ ማስተካከል ደግሞ አይመችም፤ አንዴ በስልኩ አፕ ከተስተካከለ በኋላ ቅንብሩን ራሱ ላይ ይዞ የሚቀር ይሁን። እንዲህ እያለ ነጩም ወደቀ፣ ሌላውም ወደቀ፣ አንድ ጥቁር ወፍራም ቀረ። እሱም ሱቁ ውስጥ የለም፤ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል።

«አሁን ዋናውን ይንገሩኝ። የትኛው ድምፅ ይጥፋ? የትኛው ይግባ?»

በዚህ መሃል ሩት ስልክ ተደውሎላት ወጣች። ባትወጣ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ።

ሶርሳ ቤቱ ውስጥም ጸሎት ቤትም የሚናገረው ወላይትኛ ነው። አማርኛን የቀዳው ከገበያ ነው። አሳምሮ ይችላል፤ እሱና እሷ ላይ ሲደርስ ብቻ ይደበላለቅበታል። ወንዱን እሷ፣ ሴቷን እሱ ቢል ሻንቶ ላይ ማንም ግራ አይገባውም፤ ስለ ማን እንደሚያወራ ሁሉም ያውቃል። ሀብተየስ ግን የሶዶ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው።

«ሁለት ድምፅ ነው ያለብኝ» አለ ሶርሳ። «እሱ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነው። ይጮኻል፣ እጮኻለሁ። እሱ ባይሰማኝ ምንም አይደል። ስንት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ሳልሰማውም አውቀዋለሁ። እሷ ግን አደራ! እሷ ድምጿ ትንሽ ከተለወጠ ወዲያው መድረስ አለብኝ። ካልደረስኩላት እሳት ነው! ሁሉን ነገር ታቃጥላለች።»

ሀብተየስ ባለትዳር ነው። ሽማግሌውን በሐዘኔታ አየው።

«ገባኝ፣ ጋሼ» አለ። «የእኔም ቤት እንደዚያው ነው።»

ሶርሳ «ይሄ ልጅ ደግሞ ቤቱ ወፍጮ አለው እንዴ?» ብሎ ተገረመ፤ ግን አልጠየቀም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሀብተየስ ደወለ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ሶርሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አቤት!» አለ።

«ጋሼ፣ ትዕዛዝዎ ሶዶ ደርሷል!»

«ማን?»

«ትዕዛዝዎ! ትዕዛዝዎ መጥቷል!»

ሶርሳ ዞር ብሎ ሚስቱን አየ። «ትዕዛዝማ እዚህ ነው! ጆንያ እያሰረ ነው! ሶዶ ማን ወሰደው?»

ወረፋ የቆሙት ሴቶች በሳቅ ፍርስ አሉ። ትዕዛዝ ራሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት የጆንያውን አፍ ለቀቀች።

ወሬው ከማዳመጫው ቀድሞ ሻንቶን ሞላ። «ሶርሳ ድምፅ የሚያጠፋ ነገር ገዛ» ተባለ። ይህን ሰምቶ ከሁሉ በላይ ሐሴት ያደረገው ወንጌላዊ ሚልክያስ ነው። ስብከቱ ከአጥሩ ማዶ ከሚጮኸው ወፍጮ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ሩት ቅዳሜ ዕለት ዕቃውን ይዛ ስትመጣ ወንጌላዊው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሶርሳ ጥቁሩን ነገር ጭንቅላቱ ላይ ደፋ፣ ሞተሩን አስነሳ። ወንጌላዊው ጆሮውን አዘንብሎ ቆየ፣ ቆየ።

«አልጠፋም እኮ!» አለ በመጨረሻ።

«ለእኔ ጠፍቷል!» ብሎ ጮኸ ሶርሳ።

«ለአንተ ብቻ?» አለ ወንጌላዊው ልቡ ተሰብሮ። «እኔ ለሰፈሩ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር።» ምስጋናውን መልሶ መውሰድ ነውር ስለሆነ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ለሶርሳ ግን በእርግጥም ጠፍቶ ነበር። ጨርሶ አልጠፋም፤ ከዳሞታ ተራራ ማዶ የሚሠራ ይመስል ራቀ። መጀመሪያ ደነገጠ። ሞተሩ የቆመ መስሎት ድንጋዩን የሚያዞረውን ቺንጋ አየ፤ ይሽከረከራል። ከዚያ እህሉ ሊያልቅ ሲል ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች። ሞተሩ ስለሌለባት ከወትሮው ጠራ ብላ መጣች። ሶርሳ ጊዜ ሳያልፍ ደረሰ፤ የሚቀጥለውን ጆንያ ገለበጠ። በር ላይ የቆመችው ሩት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች።

ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም። ከድንጋዩ ጋር ያልጠራው እንግዳ መጣበት፤ ሰው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የሶርሳ ጆሮ ደግሞ ከባዳም ባዳ ነበር። አሁን ወረፋው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባበት።

«ይሄ ራሱ ላይ የደፋው ምንድነው? ፓይለት ሆነ እንዴ?»

«ልጆቹ ገዝተውለት ነው። ታድሎ!»

«ይገባዋል። ባለፈው የእናቴ ለቅሶ ጊዜ በዝናብ ተነስቶ የፈጨልኝ እሱ አይደል?»

«ቅንድቡንስ አንድ ቀን ቢያራግፈው ምናለበት?»

ሶርሳ ሳያስበው ቅንድቡን ጠረገ። ሴቶቹ አላዩትም። ይሄ ሁሉ ወሬ በጀርባው ሲወራ ነው የኖረው ማለት ነው? ጆሮው ተጨናነቀበት። ድንጋዩን ላዳምጥ ሲል ሳቅ ይገባል፤ ሞተሩ ሲርቅለት ገበያው ቀረበው። በዚህ ዓይነት አንድ ቀን ድንጋዩ ያመልጠኛል ብሎ ሠጋ። እህል የሞላ ጊዜ ወደ ጓሮ ወጣና ደወለ።

«ሀብቴ! ሴቶቹ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ናቸው! እሷን ብቻ ነበር ያልኩህ!»

«እሷንማ ከሁሉም አስበልጬ ነው ያስገባሁልዎ፣ ጋሼ። የሰው ድምፅ የሚያስገባውን እስከ ጥግ ነው የከፈትኩት። ባለቤትዎ እሜቴ ትዕዛዝ አይሰሙዎትም?»

«ትዕዛዝ እሱ ነው! እሷ ድንጋዩ ነው!»

ከስልኩ ውስጥ የሀብተየስ ሳቅ መጣ፤ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ሳቀ። ሶርሳም ነገሩ ሲገባው የራሱን ግንባር መታ። ደግነቱ ትዕዛዝ ውስጥ ነበረች።

«ምንም ችግር የለም፣ ጋሼ» አለ ሀብተየስ ዓይኑን እየጠረገ። «ድንጋዩ ድምፁ ስለታም ስለሆነ እንዲሁም ይሰማዎታል። በጎኑ ያለችውን ቁልፍ አንዴ ይጫኗት። ሰዉ ሁሉ ይዘጋል። ድንጋዩና እርስዎ ብቻ ትቀራላችሁ።»

ሶርሳ የፈለገው ይሄንኑ ነው። ድንጋዩና እሱ። ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ቦታው ላይ ቆመ፣ እጁን ወደ ቁልፏ አነሳ።

«ሶርሳዬ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ማንም እንዲህ አይጠራውም። ትዕዛዝ ሩት ከተወለደች ጀምሮ «የሩት አባት» ነው የምትለው፤ ሰው ፊትም፣ ቤትም፣ ስትቆጣም። ይሄ ድምፅ ደግሞ ጩኸት አይደለም። ለራሷ የምታወራ ይመስላል፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ከጀርባው፣ ጆንያው ካለበት በኩል ነው የሚመጣው። መቼ ነበር ይሄን ድምፅ የሰማው? ልጆች ሳይወልዱ፣ ወፍጮም ሳይኖራቸው።

«ሶርሳዬ፣ ደክሞሃል። እስቲ ተቀመጥ።»

«ደሞ ጀመርሽ!» አለች ጸሐዬ፣ ከወረፋው ፊት የቆመች ጎረቤታቸው። «በመጣሁ ቁጥር ተቀመጥ ትይዋለሽ። አንድ ቀን ሰምቶሽ ያውቃል?»

«አይስማ» አለች ትዕዛዝ ጆንያውን እየያዘች። «ጮኼ ብለው ቁጣ ይመስልብኛል። ተቀመጥ እየተባለ የሚጮኽበት ሰው ይቀመጣል? ቀስ ብዬ ነው የምለው። እሱ ባይሰማ እግዚአብሔር ይሰማኛል።»

ሶርሳ አልዞረም። መዞር አልቻለም። ዓይኑ አጠገቡ ያለችውን በርጩማ አየ። ያቺ በርጩማ ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ እዚያ ናት። ለአሮጊት ደንበኞች የተቀመጠች ነበር የሚመስለው፤ ሥራ ስታውከው በእግሩ ገፋ ያደርጋታል፣ ሬዲዮውን ያስቀምጥባታል። ጠዋት ጠዋት ግን ተመልሳ ልክ ከኋላው ትገኛለች። ማን እንደሚመልሳት አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

ሀብተየስ ሱቅ ስለ እሷ «ሳልሰማውም አውቀዋለሁ» ያለው ትዝ አለውና አፈረ። ቁልፏን ሳይነካ እጁን አወረደ። ሬዲዮውን ከበርጩማዋ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተና፣ ሻንቶ ሁሉ እያየው፣ ተቀመጠ።

ትዕዛዝ የምትይዘው ጆንያ ጠመመባት።

«የሩት አባት!» ብላ ጮኸች ደንግጣ። «ምን ሆንክ? አመመህ?»

«ተቀመጥ አልሽኝ እኮ» አላት።

ሶርሳ ይሄን ሲል አልጮኸም። ምናልባት በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህም ትዕዛዝ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ አልሰማችውም።

«ምን?»

«ሰምቶሻል!» አለች ጸሐዬ እያጨበጨበች። «ትዕዛዝ፣ ሰውዬሽ ሰምቶሻል!»

ትዕዛዝ በዱቄት እጇ አፏን ያዘች። ምን ምን ብላ እንደነበር፣ በስንት ዓመት ውስጥ ስንት ነገር በጀርባው ተናግራ እንደነበር እያሰበች መሆኑ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ከዱቄቱ ሥር ቀላች። ሶርሳ በርጩማዋ ላይ እንዳለ ወደ ዳር ጠጋ አለላት። ሩት ሮጣ ጆንያውን ከእናቷ ተቀበለች።

በርጩማዋ ለሁለት ጠባብ ናት። ተጠጋግተው ተቀመጡባት፤ ትዕዛዝ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ቀስ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችው፣ እሱም ሳቀ። ድንጋዩ ድምፁ እስኪቀጥን ድረስ አልተነሱም።